በጉሮሮ ገብቶ ልብ ላይ የሚቀር

በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ በሆነችው ቁይ፣ መስከረም ሲጠባ ከየገጠር ቀበሌው የሚመጡ ተማሪዎች ቤት ይከራያሉ። አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ትደርሳለች። ልጆቹ ፍራሽ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ፣ ከቤት የተላከውን የሳምንት ስንቅ አብረው ይበላሉ፣ በአንድ ጣሳ ውኃ ይጠጣሉ። አገሩ ደጋ ነውና ማታ በርና መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። አንዱ ጉሮሮውን ካመመው ሳምንት ሳይሞላ ሌላውም «ቶንሲል ተነሣብኝ» ይላል።

ይህን ከሕመም የሚቆጥረው ጥቂት ነው። ፌጦ በሎሚ ይጠጣል፣ ማር ይላሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይታኘካል። በሦስት በአራት ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል፣ እንጀራ መዋጥም ይቻላል፤ ልጁ ዳነ ተብሎ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጉልበቱ ያብጥና እንደ እሳት ይፋጃል። በማግሥቱ ወይም በሠለስቱ ጉልበቱን ለቅቆት ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ወደ ክርኑ ይዞራል። ይኼኔ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል፤ በቅቤ ይታሻል፣ ጋቢ ይደረብለታል። እሱም በራሱ ጊዜ ያልፋል።

ዓመታት ይሄዳሉ። ልጁ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ሲሞላው ዳገት ላይ ጓደኞቹ ጥለውት መሄድ ይጀምራሉ። ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልቡ ደረቱን ይደልቀዋል፣ ሌሊት በጀርባው መተኛት ስለሚያቅተው ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። በመጨረሻ እግሩ ሲያብጥ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ይወሰድና ከልቡ ቫልቮች አንዱ ጠብቦ ወይም ማፍሰስ ጀምሮ ይገኛል። ሐኪሙ «ልጅ ሳለህ ጉሮሮህን ያምህ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው ወላጆቹ ግራ ይገባቸዋል። ጉሮሮና ልብን ምን አገናኛቸው?

የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው፤ በየዓመቱም 360 ሺህ ገደማ ሰዎች ይሞቱበታል። በበለጸጉት አገሮች የተሻለ መኖሪያ ቤትና ፔኒሲሊን አጥፍተውታል ማለት ይቻላል። በኢትዮጵያ ግን ልጆችንና ወጣቶችን ከሚይዙት የልብ ሕመሞች ግንባር ቀደሙ እሱ ነው። ኢትዮጵያውያን የልብ ሐኪሞች በስድስት የአገሪቱ አካባቢዎች ከሦስት ሺህ በላይ ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከሺህ ተማሪ 19 ያህሉ ምልክቱ ተገኝቶባቸዋል። ልጆቹ ደኅና ነን ብለው ክፍል ውስጥ የተቀመጡ እንጂ ታመው ሆስፒታል የመጡ አልነበሩም።

የነገሩ መነሻ ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ይበልጡን የሚያጠቃው ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ሲሆን፣ በሳልና በምራቅ ስለሚተላለፍ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቤት ይመቸዋል። ከጉሮሮ ወርዶ ልብ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም፤ ልብን የሚጎዳው የሰውነታችን የራሱ መከላከያ ነው። የባክቴሪያው ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ከልብ ጡንቻና ከቫልቮች ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለማጥፋት የሚያሰማራቸው ፀረ እንግዳ አካላትና ነጭ የደም ሴሎች፣ የሌባውን ጋቢ የመሰለ ጋቢ ለብሶ ደጅ የቆመውን የቤቱን ልጅ በጨለማ እንደሚደበድብ ዘበኛ፣ የገዛ ልባቸውን መምታት ይጀምራሉ። ይህ ዝግጅት ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚወስድ ጉልበቱ ሲያብጥ የጉሮሮው ሕመም ተረስቷል። እናት ሁለቱን ባታያይዝ አይፈረድባትም፤ በሕክምናው ዓለም እንኳ ነገሩ እስኪጣራ ብዙ ዘመን ፈጅቷል።

የሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይህ ጥቃት መገጣጠሚያን ነክቶ ይለቃል፤ ጉልበት ወደ ነበረበት ይመለሳል። ልብ ግን አይመለስም። በተለይ በግራው የልብ ክፍል ያለው ሚትራል የተባለው ቫልቭ ጠባሳ ይይዛል፣ ይወፍራል፣ ከንፈሮቹ ይጣበቃሉ። ጉሮሮ በተመረዘ ቁጥር ጥቃቱ እየተደገመ ጠባሳው ይብሳል። አንዳንዴ ደግሞ ጉዳቱ አንጎል ላይ ይታያል፦ አንዲት ልጅ በድንገት እጇ ያለፈቃዷ ይወራጫል፣ ስኒ ከእጇ ይወድቃል፣ ፊቷ ይኮማተራል፣ ጽሕፈቷ ይበላሻል። ቤተሰብ «ዓይን ነው» ወይም «ያደረባት ነገር አለ» ብሎ ጠበል ይወስዳታል። ጠበል የምትጠመቅ ልጅ ልቧም ቢታይላት ምንም አይቀርባትም፤ ይህ ምልክት ከታየባቸው ልጆች የብዙዎቹ ቫልቭ አብሮ ተነክቶ ይገኛልና።

ቫልቩ የጠበበበት ሰው ደም በግራው የላይኛ የልብ ክፍል ይጠራቀማል፤ ክፍሉ ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል፣ ደሙም ይረጋል። ከረጋው ደም ቁራጭ ተነሥቶ ወደ ጭንቅላት ከሄደ በሠላሳ ዓመቱ ግማሽ አካሉ የማይታዘዝለት ጎልማሳ ይፈጠራል። ለሴቶች ፈተናው እርግዝና ነው። ነፍሰ ጡር ስትሆን በሰውነቷ የሚዘዋወረው ደም ከአርባ እስከ ሃምሳ በመቶ ይጨምራል፤ የጠበበው ቫልቭ ይህን ማሳለፍ ያቅተውና ውኃ ሳንባዋን ይሞላዋል። ብዙ እናቶች የልብ ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቁት በዚህ ሰዓት፣ አንዳንዶቹም በምጥ ላይ ሳሉ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ 14 አገሮች የተሳተፉበት ሬሜዲ የተባለ ጥናት ከመዘገባቸው ከ3,300 በላይ ሕሙማን ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ የመካከለኛው ዕድሜም 28 ዓመት ነበር።

በጉሮሮና በልብ መካከል ያለው መስመር ሊቆረጥ እንደሚችል የታወቀው ከሰባ ዓመት በፊት ነው። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት ዋረን በተባለ የአየር ኃይል ጣቢያ ወጣት ወታደሮች በየካምፑ ተጨናንቀው ሲያድሩ ጉሮሯቸው በስትሬፕቶኮከስ ይመረዝ ነበር። ዴኒ፣ ዋናሜከርና ራመልካምፕ የተባሉ ሐኪሞች በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 1,600 ያህል ታማሚዎችን ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ፔኒሲሊን ሰጡ። መድኃኒቱን ካላገኙት 17ቱ ላይ የሩማቲክ ትኩሳት በግልጽ ታየ፤ ካገኙት ግን ሁለቱ ላይ ብቻ። ልብን የሚያድነው መድኃኒት የሚሰጠው ጉሮሮ ሲታመም መሆኑ የተረጋገጠው ያን ጊዜ ነው። መርፌው ጉሮሮ ከታመመ እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ ቢዘገይ እንኳ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል እንደሚችልም በኋላ ታውቋል። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ ጤና ጣቢያ ለሚሄድ ሰው ዘጠኝ ቀን ትልቅ ነገር ነው።

የጎጃም ሰው ጉሮሮን ሁልጊዜም በጥርጣሬ ያየዋል። ሕፃን ሲያለቅስ፣ አልጠባም ሲል ወይም ሲያተኩሰው «እንጥሉ ወርዶበት ነው» ይባላል፤ ካልተቆረጠ አብጦ ልጁን ያፍነዋል ተብሎ ይፈራል። ቆራጯ ትጠራለች፤ አያት ሕፃኑን ጭኗ ላይ አጋድማ ራሱን ትይዛለች፣ አፉ በጣት ይከፈታል፣ ምላጭ ወይም የፈረስ ጭራ ይገባል። ጉሮሮ ለሌላው የሰውነት ክፍል ጠንቅ ይሆናል ብለው መጠርጠራቸው ትክክል ነበር። የሚቆረጠው እንጥል ግን የሕመሙ ምንጭ አይደለም፤ ቁስሉም አዲስ በር ይከፍታል። በዚያ በር ገብቶ ደም የሚመርዝ ባክቴሪያ አለ፣ በደም መፍሰስ የሚሞት ሕፃን አለ፣ በቴታነስ የሚያዝም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንጥል በማስቆረጥ ወይም በሕፃን እትብት ላይ እበት በመቀባት የሚደርስን ሞት በስም ጠቅሶ የሚያስቀጣ አድርጎታል።

የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም በተመሳሳይ መንገድ ሄደው ተሰናክለዋል። ዊልያም ሀንተር የተባለ ብሪታኒያዊ ሐኪም በ1910 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር የተበከለ አፍ የብዙ በሽታ ምንጭ ነው አለ፤ በቺካጎ ፍራንክ ቢሊንግስ ሐሳቡን አስፋፋው። ሪህም ሆነ የኩላሊት ሕመም ወይም ድብርት ከጥርስ ወይም ከቶንሲል ይመጣል ተብሎ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ደኅና ጥርሳቸው ተነቀለ። በኒው ጀርሲ ግዛት በትሬንተን የአእምሮ ሆስፒታል ሄንሪ ኮተን የተባለው ኃላፊ ጥርስና ቶንሲል አልበቃው ብሎ የሕሙማንን አንጀት እስከማውጣት ደረሰ፤ ብዙዎችም ሞቱበት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐሳቡ ተጣለ። ስሕተቱ ሁሉንም በሽታ በአንድ ምክንያት ለማስረዳት መሞከሩ ላይ ነበር። ዛሬ የሚጠየቀው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው፦ የትኛው ጀርም፣ ከየትኛው ቁስል፣ በየትኛው መንገድ ወዴት ይደርሳል?

ቆዳ አንዱ ምሳሌ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል እከክ በስፋት ተዛምቶ ነበር፤ በየአብነት ትምህርት ቤቱ በጎጆ ተጠጋግተው በሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች ዘንድም የቆየ መከራ ነው። እከኩ ራሱ አይገድልም። ጥፍር የከፈተው ቆዳ ግን ለዚያው ለስትሬፕቶኮከስ መግቢያ ይሆናል፤ ቁስሉ ሲመግል ሰውነት ያመረተው መከላከያ ከባክቴሪያው ቁርጥራጭ ጋር ተጣብቆ ኩላሊት ውስጥ ይወተፋል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ይነሣል፣ ሽንቱ የኮካ ኮላ መልክ ይይዛል። አብዛኞቹ ልጆች ከዚህ ይድናሉ፤ ጥቂቶች ግን የደም ግፊታቸው አሻቅቦ ይወድቃሉ ወይም ኩላሊታቸው ይደክማል።

ጆሮ ደግሞ በቀጥታ ነው የሚሄደው። ልጅ ጆሮው ለወራት ሲመግል «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ ጥጥ ይወተፍለታል። ከመካከለኛው ጆሮ በላይ ጭንቅላትን የሚለየው አጥንት ስስ ነው፤ መግሉ አጥንቱን በልቶ ሲያልፍ ማጅራት ገትር ወይም አንጎል ውስጥ የሚቋጠር መግል ይሆናል። እትብትን የሚመርዘው ቴታነስ ከሁሉም ይለያል። ባክቴሪያው ከቁስሉ ሳይነቃነቅ መርዙን ብቻ በነርቭ በኩል ይልካል፤ ሕፃኑም መንጋጋው ተቆልፎ መጥባት ያቅተዋል። ኢትዮጵያ እናቶችን በመከተብና ንጹሕ ወሊድን በማስፋፋት የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቴታነስን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማውጣቷ በ2017 እ.ኤ.አ. ተረጋግጦላታል። ተስፋ መቁረጥ ለሚቀናው ሰው ይህን ማስታወስ ይገባል።

የጥርስ ነገርም ከልብ ጋር ይገናኛል፤ የዚህኛው መንገድ ግን ደም ነው። ድድ ሲደማ ወይም የበሰበሰ ጥርስ ሲነቀል የአፍ ባክቴሪያ ለጥቂት ደቂቃ ደም ውስጥ ይገባል። ጤነኛ ልብ ያሳልፈዋል። በሩማቲክ ትኩሳት የሻከረ ቫልቭ ግን መያዣ ይሆነውና ባክቴሪያው እዚያው ይራባል፣ ቫልቩን ይበላል። የቫልቭ ሕመም ያለበት ሰው ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ስለ ልቡ ለባለሙያው መናገር ያለበት ለዚህ ነው። በመንደር ጥርስ ነቃይ ዘንድ ግን ማንም ስለ ልብ አይጠይቀውም።

ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ዋናው ሕክምና ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም ለአብዛኛው ሰው ሩቅ ነው። የሕፃናት ልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃን ሲመሠርቱ አገር ውስጥ ይህን የሚሠራ ማዕከል አልነበረም። ሕፃናቱ ወደ ውጭ ይላኩ ነበር፤ በ1995 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ የተቋቋመው «የሕፃን ልብ አድን» ድርጅት ሥራውን የጀመረው ከኢትዮጵያ በሄዱ ልጆች ነው። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፍቶ እዚሁ መሥራት ተቻለ። ተራ የሚጠብቀው ግን በሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ሲጠብቁ የሚሞቱ ልጆች አሉ። ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተገጠመለትም ቢሆን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ መዋጥና ደሙን በየጊዜው መመርመር አለበት። የገጠር ገበሬ ልጅ ለዚያ ምርመራ የመንገድ ወጪ ከየት ያመጣል?

ከቀዶ ጥገናው በፊት ግን ሌላ ዕድል አለ። አንዴ በሩማቲክ ትኩሳት የተያዘ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ቢወጋ ጉሮሮው ዳግም የመመረዙ፣ ልቡም ዳግም የመጠቃቱ ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል። በጎረቤታችን በኡጋንዳ 818 ልጆች የተሳተፉበትና በ2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ሕመሙ ገና ሳይሰማቸው በአልትራሳውንድ የተገኘባቸውን ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። መርፌውን ከተወጉት የባሰባቸው ከመቶ አንድ አይሞሉም፤ ካልተወጉት ግን ከመቶ ስምንት ነበሩ።

መርፌው ያምማል። ጡንቻ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚገባ ወፍራም መድኃኒት ነው፤ ልጁ ያን ቀን ሲያነክስ ይውላል። ቢያንስ ለአምስት ዓመት ወይም እስከ 21 ዓመት፣ ቫልቩ ከተነካ ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላል። ባለሙያዎችም ይፈሩታል፤ በፔኒሲሊን መርፌ ሰው ሞተ የሚል ወሬ በአንድ ከተማ ከተሰማ ለወራት ማንም አይወጋም። እንዲህ ያለ አደጋ በጣም ጥቂት ነው። በቅርቡ እንደታወቀው ከሞቱት የሚበዙት ልባቸው ቀድሞውኑ ክፉኛ የደከመ ሕሙማን ናቸው፤ ለእነሱ በመርፌው ፈንታ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይመከራል። ለቀሪዎቹ ትልቁ አደጋ መርፌውን ማቋረጥ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ለማቋረጥ ምክንያት ሞልቷል፦ የአዝመራ ጊዜ ይደርሳል፣ በክረምት ወንዝ ይሞላል፣ መድኃኒቱ አልቋል ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ክልሉ ውስጥ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ቀጠሮ ካርድ ይዞ ቤቱ የሚቀር ልጅ ብዙ ነው።

ይህ በሽታ በድሃ አገር አይሸነፍም የሚል ካለ ኩባን ይመልከት። በፒናር ዴል ሪዮ ግዛት ከ1986 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. መምህራንና ወላጆች የጉሮሮን ሕመም እንዲያውቁ ተደረገ፣ ሕሙማን ተመዘገቡ፣ የቀሩትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚፈልግ ሠራተኛ ተመደበ። የሩማቲክ ትኩሳት ከመቶ ሺህ ልጅና ወጣት ከ18.6 ወደ 2.5 ወረደ። የሠሩበት መድኃኒት ያው የድሮው ፔኒሲሊን ነበር። በ2007 ዓ.ም. የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች አዲስ አበባ ተሰብስበው ያወጡት መግለጫም የጠየቀው ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የሕሙማን መዝገብ ይኑር፣ ፔኒሲሊን አይጥፋ፣ ምርመራው ወደ ገጠር ይውረድ። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በዚያው ዓመት ተቀበሉት፤ የዓለም ጤና ጉባኤ ደግሞ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ውሳኔ አሳለፈበት።

ወረቀቱ አለ፤ የጎደለው በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይና በቤተሰቡ ዘንድ ነው። ጉሮሮ ያመመው ሁሉ መርፌ አያስፈልገውም፤ የሚስለውና ንፍጥ የሚወርደው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ጉንፋን ነው የያዘው፤ ለጉንፋን ፔኒሲሊን ምንም አይሠራም። ሳል ሳይኖረው በድንገት ያተኮሰው፣ መዋጥ ያቃተው፣ መንጋጋው ሥር ያለው እጢ ያበጠና ሲነካ የሚያመው፣ አፉን ሲከፍት ቶንሲሉ ቀልቶ ነጭ ነገር የለበሰ ልጅ ግን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። እዚያም አንድ መርፌ ወይም የአሥር ቀን አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል፤ ክኒኑ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው የሚቋረጥ አይደለም። ጉልበቱ አብጦ የሚዞርበት ልጅ ደግሞ ብርድ መታው ተብሎ ቤት ሊቀመጥ አይገባም፤ ወላጁ በዚያው ሳምንት ወስዶ ልቡን ማስመርመር፣ ጉሮሮውን መቼ እንዳመመው አስታውሶም ለሐኪሙ መንገር አለበት።